ድሬዳዋን በቤዝመንት ውስጥ፦ ከህንፃው በፊት ሀዲዱ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦

«የ62 ዓመት ሰው ነኝ። ድሬዳዋ ከዚራ ተወልጄ አድጌ አሁን የምኖረው አሜሪካ ሜሪላንድ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በ1964 ዓ.ም.፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ወርክሾፑ ይዞኝ ገብቶ ነበር። ያን ዘመን በሞዴል ሠርቼ ለልጅ ልጆቼ ማሳየት እፈልጋለሁ። ቤዝመንት ውስጥ 3.6 በ2.7 ሜትር የሆነ ክፍል አለኝ። ኤችኦ (HO) የሚባለውን የሞዴል ባቡር ማስጀመሪያ ሳጥን፣ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ፣ ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎዎችና ሦስት ባለጡብ የፋብሪካ ኪቶች (ተገጣጣሚ ህንፃዎች) ገዝቻለሁ። ጣቢያውን፣ ወርክሾፑን፣ ኮተኒን (የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን)፣ ሲሚንቶ ፋብሪካውን፣ የመጋላን ሰፈርና የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ሁሉንም ማስገባት አስቤያለሁ። ሀዲዱን እንደ እንቁላል አዙሬ ዘረጋሁት፤ ፉርጎዎቹ ግን ኩርባው ላይ እየዘለሉ ይወጣሉ። ጣቢያውን በካርቶን ስሞክረው ደግሞ ግማሹን ጠረጴዛ ያዘብኝ። የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው? የትኛውን ህንፃ ልጀምር?»

ከህንፃ አይጀምሩ። መጀመሪያ ሀዲዱን ያስተካክሉ። የገዙት ሀዲድ የልጅነትዎ ሀዲድ አይደለም።

ብዙ ሰው ስኬልንና የሀዲድ ስፋትን አንድ ነገር ያደርጋቸዋል። ስኬል ማለት ሁሉም ነገር ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚነግረን ቁጥር ነው። ኤችኦ 1፡87 ነው፤ በሩም፣ ሰውየውም፣ ፉርጎውም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። የሀዲድ ስፋት ደግሞ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት ነው። ሳጥንዎ ውስጥ ያለው ሀዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 ያባዙት፤ 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይመጣል። ይህ የአሜሪካ ስፋት ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው የአዲሱ ባቡርም ስፋት ይኸው ነው። አሮጌው መስመር ግን እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲገባ ስፋቱ ልክ 1 ሜትር ነበር፤ እስከመጨረሻውም አልተቀየረም። አባትዎ የሠሩበት ሎኮሞቲቭ አሁን በዘረጉት ዓይነት ሀዲድ ላይ ቢቀመጥ ጎማዎቹ ብረቱ ላይ አያርፉም። መሀል ይገባል።

«43 ሴንቲ ሜትር በሞዴል ላይ ማን ያየዋል?» ሊሉኝ ይችላሉ። ያዩታል። የአሮጌው ባቡር መልክ ከጠባብነቱ የመጣ ነው። አካሉ ከሀዲዱ ወዲያና ወዲህ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ከላይ ሰፊ ከታች ጠበብ ያለ ነው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሞዴሉን ሲያይ ምክንያቱን መናገር ባይችልም «እንዲህ አልነበረም» ይልዎታል። ያ ስሜት ደግሞ በኋላ በቀለምም በዛፍም አይስተካከልም።

አራት አማራጭ አለ። አንደኛው የገዙትን ይዞ ዝም ብሎ መቀጠል ነው። ለመጫወት ይበቃል፤ እርስዎ ለሚፈልጉት ግን አይሆንም። ሁለተኛው ሀዲዱን ትቶ ስኬሉን መቀየር ነው። በ1፡64 ከሠሩ 16.5 ሚሊ ሜትሩ ወደ 1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ለዓይን ይበቃል። ችግሩ ህንፃው ሁሉ አንድ ሦስተኛ ያህል ይተልቃል፤ ካርቶኑ አሁንም ጠረጴዛውን እየጨረሰብዎት ነው። ሦስተኛው 1፡160 ሆኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ሀዲድ መጠቀም ነው። ቦታ በጣም ይቆጥባል። ግን በዚህ መጠን ሰው ቁመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የበር እጀታ መሥራት አይታሰብም። በ62 ዓመት ዓይን ዝርዝር ሥራ ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም።

አራተኛው ነው መንገድዎ። በ1፡87 ይቆዩና ሀዲዱን 12 ሚሊ ሜትር ያድርጉት። ይህ ኤችኦኤም ይባላል። የስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች በ1 ሜትር ሀዲድ ስለሚሄዱ እነሱን የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ዕቃው ገበያ ላይ አለ። ፔኮ የተባለው ኩባንያ ሀዲድና መቀየሪያ (ባቡሩን ከአንዱ ሀዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን) ይሠራል። ቤሞና ቲሊግ የሚባሉ ኩባንያዎችም አሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን ያድርጉ። ቲቲ የሚባለው ስኬል ሀዲዱም 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሆኖም በ1፡120 ስለሆነ ከብረቱ ሥር ያሉት አግዳሚዎች ትንንሽና የተጠጋጉ ናቸው። ሀዲድ ሲገዙ ኤችኦኤም የሚል ጽሑፍ ካላዩበት አይግዙ።

ስለ አግዳሚዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። ሱቅ ያለው ሀዲድ አግዳሚው የእንጨት መልክ አለው። የእኛ መስመር አግዳሚዎች ግን የብረት ነበሩ፤ ምስጥ ባለበት አገር እንጨት አያዋጣም። ስለዚህ የእንጨቱን ጭረት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈቅፈቅ አድርገው ያጥፉት። ቡናማ አይቀቡት። የዛገ ብረት ላይ አቧራ ሲያርፍበት የሚመጣውን ቀይ ዳማ ይስጡት። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ከማንኛውም ህንፃ በላይ ቦታውን የሚናገር ግን እሱ ነው።

ሎኮሞቲቩን በተመለከተ፣ የእኛን መስመር ሎኮሞቲቭ በሳጥን አሽጎ የሚሸጥ ሱቅ አይጠብቁ። እርስዎ የመረጡት ዘመን የናፍጣ ዘመን ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስዊስና የፈረንሳይ ሥራ የሆኑ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች መጥተዋል። የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፤ በ12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ የሚሄድ ደህና ሞተር ያለው የቲቲ ወይም የስዊስ ሎኮሞቲቭ ይገዛሉ። አካሉን ያነሱና ከታች ያለውን ብቻ ይጠቀማሉ። ላዩን በፕላስቲክ ሉህ ወይም በስሪዲ ፕሪንተር ከፎቶ ይሠሩታል። ቤት ውስጥ በፈሳሽ ሬዚን የሚያትም ማሽን ካሰቡ ጓንት ያድርጉ፤ ክፍሉም አየር የሚገባበት ይሁን። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳን ይጎዳል። ቤዝመንት ደግሞ አየሩ አይንቀሳቀስም። ለሚያትም ሰው ፋይሉን ሰጥቶ ማሠራት ይሻላል።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ሁሉንም ላስገባ ያሉት ሐሳብ አይሆንም፤ እርሳስ ይዘው ቢያሰሉትም ይሄንኑ ያገኙታል። እውነተኛ 500 ሜትር በ1፡87 5 ሜትር ከ75 ነው። 100 ሜትር የሚረዝም አንድ የፋብሪካ መጋዘን 1 ሜትር ከ15 ይሆናል። የእርስዎ ረጅሙ ግድግዳ 3.6 ሜትር ነው። ስድስት ቦታ እዚያ ላይ ቢደረድሩ እያንዳንዱ የአሻንጉሊት ሱቅ መደርደሪያ ይመስላል። ካርቶኑ ጠረጴዛውን የጨረሰው እርስዎ ስለተሳሳቱ አይደለም። ልኩ ያ ስለሆነ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ህንፃውን በሁሉም በኩል እኩል ያሳንሰዋል። ይህ ትልቁ ስህተት ነው። በሩ አጥሮ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ይሆናል፤ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። በር፣ መስኮት፣ ደረጃና የጣሪያ ከፍታ በልካቸው ይቆዩ። የሚቀነሰው ብዛታቸው ነው። ሃያ መስኮት ያለውን ግድግዳ ስምንት ያድርጉት። አምስት ተከታታይ የጣሪያ ሾጣጣ ካለ ሁለት ተኩል ያድርጉትና ተኩሏ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትቆረጥ። የኢንዱስትሪ ሰፈር ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው። ፋብሪካ ሁልጊዜ ከምናየው በላይ ይቀጥላል። ሙሉውን ካሳዩኝ ትንሽነቱ ይገባኛል። ጫፉን ከቆረጡት ግን የቀረውን ራሴ እሞላዋለሁ።

እንግዲህ የእኔ ምክር፣ ሳልሸፋፍን፦ ጣቢያውን ይተዉት፤ ወርክሾፑን ይሥሩ። ጣቢያ ረጅም ባቡር ይፈልጋል። 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ አምስት የመንገደኛ ፉርጎዎች ብቻቸውን 1 ሜትር ይበላሉ፤ ያን ሁሉ የሚያቆም ቦታ የለዎትም። ወርክሾፕና የፋብሪካ ማራገፊያ ግን በአንድ ሎኮሞቲቭና በስምንት አጫጭር ፉርጎዎች ይኖራል። ደግሞ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል። ከስድስቱ ቦታዎች አባትዎ እጅዎን ይዘው ያስገቡዎት አንዱ ቦታ እሱ ነው። ሌሎቹን ቦታዎች ስማቸውን ብቻ ጠቀሱ፤ ለዚህኛው ግን ዓመተ ምህረት ሰጡት።

ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው፣ ጥልቀቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደርደሪያ ይሥሩ። የገዙት ኮምፔንሳቶ ይበቃል። 1.22 በ2.44 የሆነውን ሉህ በቁመቱ ባለ 45 ሴንቲ ሜትር ሁለት ቁራጭ ያድርጉት፤ እነሱን ደግሞ 1.15 እያደረጉ ሲቆርጡ አራት ገጽ ያገኛሉ። እያንዳንዱ ገጽ የአንድ ሳጥን ላይ ይሆናል፤ ሦስቱ ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲቆሙ 3.45 ሜትር ይሞላሉ። ከሉሁ የተረፈችው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለጎንና ለጎን መወጠሪያ ትሆናለች። ከፍታው ደረትዎ ጋ ይድረስ። ለልጆቹ ጠንካራ በርጩማ ያስቀምጡ። ጥልቀቱን ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ አያሳልፉት፤ ኋላ የወደቀ ፉርጎ ለማንሳት ፊት ያለውን ግድግዳ በክርንዎ ይሰብሩታል።

ሀዲዱ መዞር የለበትም። እንቁላሉን ይተዉት። በኢንዱስትሪ ሰፈር ባቡር አይዞርም፤ ይገባል፣ ፉርጎ ይጥላል፣ ፉርጎ ያነሳል፣ ይወጣል። እንግሊዞች ኢንግልኑክ የሚሉት አንድ ቀላል አሠራር አለ። ከአንድ ሀዲድ በሁለት መቀየሪያ ሦስት ሀዲዶች ይወጣሉ። አንዱ 5 ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት ይይዛሉ። ማዶ ያለው መግፊያ ሀዲድ ሎኮሞቲቩንና 3 ፉርጎ ብቻ ይችላል። 8 ፉርጎዎች ያስቀምጣሉ። ከዚያ ልጆቹ ካርድ ይስባሉ፤ በካርዱ ተራ 5 ፉርጎዎችን ረጅሙ ሀዲድ ላይ መደርደር ነው ጨዋታው። ሊወጣ የሚችለው ቅደም ተከተል 6,720 ዓይነት ነው፤ ስለዚህ አይሰለችም። የእርስዎ ፉርጎ ከነማያያዣው 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሁሉም ነገር በ1.5 ሜትር ገደማ ያልቃል። ከሦስቱ ሳጥኖች በሁለቱ ላይ ተንደላቆ ይገባል። ባቡር ዝም ብሎ ሲዞር የሚያይ ልጅ በአሥር ደቂቃ ስልኩን ያነሳል። ካርድ የሳበ ልጅ ግን ሳይጨርስ አይሄድም።

ሀዲዶቹን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ትይዩ አያድርጓቸው። ትንሽ፣ አምስት ስድስት ዲግሪ ያህል አጋድሙ። መቀየሪያ በሁለት ሳጥን መገጣጠሚያ ላይ አይዋል። የተቀረችው ሦስተኛ ሳጥን ለከተማው ትሁን። የከዚራ አንድ ጎዳና፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ አጥር። ኮተኒን ከፈለጉት ኋላ ግድግዳው ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፊቱን ብቻ ይሥሩት፤ ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ይበቃል። ደቻቱ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ትምጣ፤ ጠረጴዛው የሚያልቅበት ምክንያት ትሁን። ውሃ አያፍስሱባት፤ ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ናት። ሲሚንቶ ፋብሪካውና መጋላ ይቅሩ። እንደሚያምዎት አውቃለሁ። ቢያስገቧቸው ግን ወርክሾፑን ይገድሉታል።

ፉርጎዎቹ የሚወድቁበት ምክንያት ደግሞ ሎኮሞቲቩ አይደለም፤ ጥፋቱ የኩርባውና የፉርጎው ርዝመት ነው። በማስጀመሪያ ሳጥን የሚመጣው ኩርባ ራዲየሱ አብዛኛውን ጊዜ 45.7 ሴንቲ ሜትር ነው። በእውነተኛው ዓለም 40 ሜትር ማለት ነው፤ ለከተማ ትራም እንጂ ለባቡር አይሆንም። ልምዱ የሚለው ራዲየሱ ከረጅሙ ፉርጎ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን ነው። የአሜሪካ ሙሉ የመንገደኛ ፉርጎ በኤችኦ 30 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። 90 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። እርስዎ የሰጡት ግማሹን ነው። እነዚያን ፉርጎዎች ሱቁ ከተቀበለዎት ይመልሷቸው፤ ሳጥኑን ለልጆቹ ወለል ላይ መጫወቻ ይተዉላቸው።

ኩርባ ባይኖርም ግን ፉርጎ ይወድቃል፤ መጥፎ መገጣጠሚያ ካለ። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ዓይንዎን ጨፍነው በጣት ጥፍር ይዳስሱት። ጥፍርዎን የያዘው ቦታ ጎማውንም ይይዛል። አንድ ፉርጎ ብቻ በጣት ቀስ ብለው እየገፉ ያሂዱ፤ የሚነቀነቅበትን ቦታ በኖራ ጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ቀላል ፉርጎ ሲገፋ ይወጣል፤ 12 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ጠባብ ፉርጎ ከ70 ግራም ብዙ ባትርቅ ጥሩ ነው። ትንሽ እርሳስ ወይም ብሎን ወለሏ ላይ ያጣብቁ፤ ክብደቱ ከላይ ሳይሆን ከታች ይሁን።

ቤዝመንቱን አይናቁት። ሜሪላንድ በጋው ላብ በላብ ነው። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን ያልተቀባ ኮምፔንሳቶ ላይ ክረምት ላይ ዘረጋሁት፤ በረዶው ሄዶ ሙቀቱ ሲመጣ እንጨቱ አብጦ ሀዲዱ እንደ እባብ ተጣመመ። የሁለት ወር ሥራ ነቅዬ ጣልኩ። ስለዚህ ሁሉንም ገጽ፣ ታቹንና ጠርዙንም፣ በቀለም ይድፈኑት። እርጥበት መምጠጫ ማሽን ያስገቡ። በየ1 ሜትሩ የስም ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት በሀዲዱ ቁራጮች መገጣጠሚያ ላይ ይተዉ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ አልቆይም። እያንዳንዱ የሀዲድ ቁራጭ የራሱ ሁለት ሽቦ ይኑረው፤ በማያያዣ ብረት ብቻ አይተማመኑ፤ ይዝጋል። ለአንድ ሎኮሞቲቭ ተራው ዲሲ መቆጣጠሪያ ይበቃል። ገንዘብ ካለዎት ዲሲሲ የሚባለውን (በሀዲዱ በኩል ዲጂታል ትእዛዝ የሚልከውን) ይግዙ፤ ሎኮሞቲቩ ውስጥ ሆኖ ትእዛዙን የሚቀበል፣ ኃይል የሚያቆይ ካፓሲተር ያለው ዲኮደር ሎኮሞቲቩን እንደ እውነተኛው እየጎተተ በዝግታ ያስኬደዋል። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ዝግታው ነው ውበቱ። ሲበይዱ መስኮት ይክፈቱ፤ ልጆች አጠገብ አይኑሩ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን፤ ግድግዳና ጣሪያ። የገዟቸውን የጡብ ኪቶች አይጣሏቸው። የአሜሪካ ጡብ ለድሬዳዋ አይሆንም። ግን ግድግዳውን ገልብጡት፤ የውስጡ ገጽ ለስላሳ ነው። ያንን ወደ ውጭ ያድርጉና ቀጭን ስቱኮ በስፖንጅ እየመቱ ይቀቡት። ሲደርቅ ልስን ይሆናል። የጎረፈበት፣ የፈረከሰበት ቦታ ላይ በመርፌ ጫር ያድርጉ። መስኮቱ የአሜሪካ ከሆነ በፕላስቲክ ቁራጭ የእንጨት መከለያ ይሥሩለት። ቀለሙን ግን ከራስዎ አያውጡ፤ ከፎቶ ይውሰዱ። የማስታወስ ቀለም ሁልጊዜ ከእውነቱ ይደምቃል።

ጣሪያው የወርክሾፑ ነፍስ ነው። ሞዴሉን ሰው የሚያየው ከላይ ስለሆነ ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያው ይታያል። ብዙዎች አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ያለብሱና ግራጫ ይቀቡታል። ቆርቆሮ ግን ሉህ ነው። ተራው ሉህ 90 ሴንቲ ሜትር በ2 ሜትር ከሆነ በእርስዎ ስኬል 1 ሴንቲ ሜትር በ2.3 ይሆናል። የሞገዱ ርቀት በእውነቱ 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲያንስ 0.87 ሚሊ ሜትር። እዚህ ላይ አንድ ቆንጆ ነገር አለ። ኤም5 የሚባለው ብሎን ጥርሱ በ0.8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው። ስለዚህ ከሃርድዌር ሱቅ አንድ ረጅም ኤም5 ባለጥርስ ዘንግ ይግዙ። ኬክ የሚጋገርበትን ስስ የአልሙኒየም ትሪ ወለሉን ቆርጠው የድሮ የኮምፒውተር ማውዝ ምንጣፍ ላይ ያንጥፉት። ዘንጉን ጫን አድርገው አንድ ጊዜ ብቻ ያንከባሉት። ቆርቆሮ ሆኖ ይነሳል። ጭረቱ በጣም ትንሽ ያጋድላል፤ ስለዚህ ሉሁን ሲቆርጡ የጭረቱን አቅጣጫ ይከተሉ።

ከዚያ አንድ በአንድ ይቁረጡ። ለአንድ መካከለኛ ጣሪያ ሁለት መቶ ሉህ ሊፈልጉ ይችላሉ። ከመለጠፍዎ በፊት በአራት ክምር ይከፋፍሏቸው፤ ገና የሚያብረቀርቅ፣ የደበዘዘ፣ የዛገ፣ በጣም የዛገ። ዝገቱን እንዲህ ይሥሩት፤ መጀመሪያ ዳማ ቀለም ይቀቡ፣ ሲደርቅ የጸጉር ስፕሬይ ይንፉበት፣ በላዩ ግራጫ አክሪሊክ ይቀቡ፣ ገና ሳይጠነክር በእርጥብ ብሩሽ ፈቅፈቅ ያድርጉት። ግራጫው እየተላጠ ዳማው ይወጣል። ሲለጥፉ ከታችኛው ረድፍ ይጀምሩ፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረብ፤ ዝናብ እንዲወርድ። አንድ ሉህ ጠርዙ ተነስቶ ይቅር፤ አንዷ ላይ ድንጋይ ያስቀምጡ። ድንጋይ የተጫነበትን ቆርቆሮ ያላየ ድሬ ልጅ የለም።

መሬቱ አሸዋና አቧራ ነው። ዘመድ ከድሬዳዋ አፈር ይላክልኝ እንዳይሉ፤ አፈር ወደ አሜሪካ ያለ ፈቃድ ማስገባት አይቻልም። አስፈላጊም አይደለም። ከዚያው አገር ደቃቅ አሸዋ ይግዙና በሻይ ማጥለያ ይንፉት። 1 ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት በ1፡87 የ9 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ናት፤ ስለዚህ ከሀዲዱ መካከል የምትገባው ከዚያ ማነስ አለባት። ከመበተንዎ በፊት ጠንካራ ማግኔት በላዩ ያሳልፉ። ብረት ያላቸው ቅንጣቶች ሞተሩ ውስጥ ከገቡ ሎኮሞቲቩን ያበላሹታል። ውሃና ኮላ አዋህደው፣ ጥቂት የሳሙና ጠብታ ጨምረው በጠብታ ያጠጡት።

ዘመኑን 1964 ዓ.ም. ላይ ያቁሙትና ከዚያ አይነቃነቁ። ባጃጅ አይኖርም። ፔጆ 404 ግን ይኖራል፤ በ1፡87 ተሠርቶ ይሸጣል። የፈረስ ጋሪ ይኖራል። ሰሌዳ ላይ ስም ከጻፉ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ነው፤ የጅቡቲና ኢትዮጵያ የሚለው እ.ኤ.አ. በ1981 የመጣ ነው። ይህን አዋቂ ሰው መጥቶ ያያል። ኋላ ያለውን ግድግዳ ሰማይና ተራራ ይሳሉበት። ተራሮቹ በደቡብ ስለሆኑ ተመልካቹ ከሰሜን እንደቆመ ይቁጠሩት። ሰማዩን ውሃ ሰማያዊ አያድርጉት፤ የቀትር ሙቀት ያነጣው ይሁን። መብራቱም ከላይ፣ ነጭ፣ ጥላው አጭር።

ሰው አያብዙ። ስድስት ይበቃል። አንዱ ፉርጎ ሥር አጎንብሷል፣ ሁለቱ ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ አንዷ ሻይ ይዛ ትመጣለች። ቀሪዎቹ ሁለቱ በሩ ላይ ናቸው፤ አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ልጅ።

በዚህ ሳምንት ምንም አይግዙ። በወረቀት የሚታተም የፔኮ የመቀየሪያ ንድፍ ይገኛል፤ እሱን በልኩ ያትሙና ወለል ላይ ደርድረው 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው የካርቶን ፉርጎዎች ይግፉበት። ከዚያ የአባትዎን ፎቶዎች ያውጡ። ወርክሾፑን የሚያሳይ፣ ሀዲድ የሚታይበት አንድ ፎቶ ካለ መለኪያ አግኝተዋል ማለት ነው። በፎቶው ውስጥ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው 1 ሜትር ነው። ሀዲዱ በበሩ ሥር የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይለኩት፤ ወደ ካሜራው የቀረበው ላይ ከለኩ ይሳሳታሉ። የበሩ ስፋት ስንት ሀዲድ እንደሚሆን ይቁጠሩ። ከዚያ ቁመቱን። ውጤቱን በ87 ያካፍሉና መጀመሪያ የሚሠሩት ያንን በር ይሁን።